ዓይኗ እስኪስተካከል

እናቴ ሰዓቱን ከግድግዳው አውርዳ ሶፋው ላይ በፊቱ ደፍታዋለች። ተደፍቶም ሥራውን አላቆመም፤ ቀጭ ቀጭ ይላል። ግድግዳው ላይ የቀረው ሚስማሩ ብቻ ነው። እሷ ከስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርም እጅጌ እየገጠመች ነበር። ወለሉ በሰማያዊ ቁርጥራጭ ተሸፍኗል፣ ወንበሩ ላይ ያልተተኮሰ ሸሚዝ ተቆልሏል። እኔ ከሥራ በፊት ሻይ ልጠጣ በየጠዋቱ ጎራ እላለሁና ቀና ብላም አላየችኝም። ስፒሎቿን እንደ ልማዷ በከንፈሯ ነክሳ በጥርሷ መሀል፣ «እሳቸው ወጥተዋል?» አለችኝ።

እሳቸው የሚባሉት ታናሽ ወንድሜ ናቸው። እናቴ ስትቆጣ አትጮኽም፣ አንቱ ትላለች። ልጆች ሳለን አንቱ ከተባልን ነገሩ መክረሩን አውቀን ከፊቷ ዞር እንል ነበር።

«አሁን በር ላይ አገኘሁት፤ ሰላም ብሎኝ አለፈ» አልኳት።

«እኔንም ሰላም ብለውኛል። አልመለስኩም።»

የሰዓቱ ነገር እንዲህ ነው። ወንድሜ የታሪክ አስተማሪ ነው። ቤት ውስጥ ጠበቃው እንለዋለን፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሾርባው ቀዘቀዘ ሲሉት አልቀዘቀዘም ብሎ ማስረጃ ሊያቀርብ የሚነሣ ፍጥረት ነው። በትምህርት ቤታቸው በየዓመቱ መምህራኑ ተማሪ ፊት ቆመው ይከራከራሉ። ርዕሱን ተማሪዎች ጽፈው ሣጥን ውስጥ ይጨምራሉ፣ ርዕሰ መምህሩ ዓይኑን ጨፍኖ አንዱን ያወጣል፣ ተከራካሪዎቹ ደግሞ ማን የትኛውን ወገን እንደሚይዝ ዕጣ ይጥላሉ። ዘንድሮ የወጣው «ክርስቶስ በእርግጥ በታሪክ የነበረ ሰው ነው ወይስ አይደለም?» የሚል ሆነ። ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን መልሶ ሊከተው ዳድቶት ነበር አሉ፤ ግን ጮክ ብሎ አንብቦት ነበርና አዳራሹ በፉጨት ተናጋ። ለወንድሜ «አይደለም» ደረሰው። «ነው» የደረሰው የሂሳብ መምህር ጥሩ አማኝ እንጂ ጥሩ ተከራካሪ አልነበረም። ወንድሜ አሸነፈ፣ ጠርዙ ወርቅ የተቀባ የግድግዳ ሰዓት ተሸለመ፣ አምጥቶም ለእናቱ ሰጣት። እናቴ ከሶፋው በላይ ሰቅላ ዩኒፎርም ሊለካ የመጣውን ሁሉ «ልጄ ተከራክሮ ያመጣልኝ ነው» እያለች አሳየች። ስለምን እንደተከራከረ አልጠየቀችም። ሰው ሲጠይቃት «ስለ ትምህርት ነዋ!» ትል ነበር። ጎረቤታችን ነርሷ፣ ልጇ እዚያው የምትማረው፣ አንድ ቀን ሸሚዝ ልትወስድ መጥታ ርዕሱን እስክትነግራት ድረስ ሰዓቱ በሰላም ቆጠረ።

ከዚያ በኋላ እናቴ ወንድሜን ከቤቴ ይውጡልኝ አለችው። እሱም የሚከራከርበትን አፍ ያኔ አጣውና ከትምህርት ቤቱ ጀርባ አንድ ክፍል ተከራየ። ዕቃውን የሚያወጣው ዛሬ ከሥራ መልስ ነው። ይህን አውቅ ነበር። ያላወቅሁት ሌላ ነገር እንዳሰበች ነው።

ስፒሎቹን ከአፏ አወጣችና አንድ በአንድ የስፒል መሰኪያ ትራሷ ላይ ሰካቻቸው። «የታላቅ እህታችሁን ፎቶ ሥሪልኝ» አለችኝ። «ከቤቴ ከመውጣታቸው በፊት አይተዋት ይውጡ።»

ታላቅ እህታችን እኔ ከመወለዴ በፊት ተወልዳ፣ ሦስት ዓመት ሳይሞላት የሞተች ልጅ ናት ይባላል። ይባላል የምለው ወድጄ አይደለም። ፎቶ የላትም። አባታችን ስለ እሷ ትንፍሽ ሳይል ነው የሞተው። የያኔዎቹ ጎረቤቶች ሰፈሩ ሲፈርስ በየአቅጣጫው ተበትነዋል። እኛ እሷን የምናውቃት በምግብ ሰዓት ብቻ ነበር። ሾርባ ስናስተርፍ፣ «ታላቅ እህታችሁ ብትሆን ኖሮ ጥርግ አድርጋ ትበላው ነበር።» ስናለቅስ፣ «እሷ እኮ አንድ ቀን አልቅሳ አታውቅም።» ፀጉሬን ስታበጥረኝ ስንጫጫ፣ «እሷ ዝም ብላ ነበር የምትበጠርልኝ።» እኔና ወንድሜ አንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተን በጉዳዩ መከርንበት። እንዲህ ያለ ልጅ በዓለም ላይ የለም፤ ስለዚህ እማዬ እኛን ለማስበላት የፈጠረቻት ናት አልን። ጠበቃው የመጀመሪያ ክርክሩን ያሸነፈው ያኔ ነው። ካደግን በኋላም ፍርዳችንን መልሰን አላየነውም። እናቴ ስለ እሷ ስታነሣ ስለ አየር ጠባይ የሚወራ ይመስል አዎ አዎ ብለን እናሳልፈዋለን።

«ምን አስታወሰሽ?» አልኳት።

«ነርሷ ናታ! ፍቅር ምስክር አይሆንም ብለዋል አሉ። ዓይኑ ያየ ሰው በጊዜው ካልጻፈ፣ የሚወዱት ኋላ ቢያወሩ ዋጋ የለውም ብለዋል አሉ። ተማሪውም አጨበጨበ።» የስፌት መኪናውን መዘውር በእጇ ያዘችው። «የእኔን ልጅ ማን ጻፈልኝ?»

እኔ ሞኝ ሳምንቱን ሙሉ ለሃይማኖቷ የተቆጣች መስሎኝ ነበር። ይህንኑ ብላት በንቀት አየችኝ።

«ጌታማ ስንት ሰው አለው! እሷ ግን ያላት ሰው እኔ ብቻ ነኝ።»

መልኳን ጠየቅኋት። ቆንጆ ነበረች አለች። ዓይኗ ትልልቅ፣ ጉንጯ ሙሉ፣ ፀጉሯ ጥቅጥቅ ያለ፣ ሁልጊዜ ፈገግ ያለች። ይህን ስትነግረኝ የምታየው እጅጌውን ነበር።

የምሠራበት ፎቶ ቤት ጠባብ ነው። የደጁ መስታወት ላይ ፀሐይ ያነጣት የሙሽራ ፎቶ አለ፤ ባሏ ጨርሶ ጠፍቶ ኮቱ ብቻ ቀርቷል። ውስጥ አንድ በርጩማ፣ አንድ ነጭ አንሶላ፣ እንዳይሰረቅ ከግድግዳው መስታወት ጋር በገመድ የታሰረ ማበጠሪያ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ እኔና ኮምፒውተሬ አለን። ጋሼ፣ ባለቤቱ፣ ያነሣል፤ እኔ አሳምራለሁ። ብጉር አጠፋለሁ፣ ኮት አለብሳለሁ፣ የተጣላ ወንድም ከቤተሰብ ፎቶ ውስጥ አወጣለሁ፣ ሲታረቁ እመልሳለሁ። ዋጋው ከሁሉ የሚበልጠው ለቀማ የምንለው ሥራ ነው፤ የጉርድ ፎቶ አራት እጥፍ እናስከፍልበታለን። ፎቶ ሳይነሣ የሞተ ሰው ያላቸው ዘመዶች ይመጣሉ፤ አፍንጫውን ከወንድሙ፣ ግንባሩን ከአክስቱ፣ አገጩን ከልጁ ለቅሜ አንድ ፊት እሠራላቸዋለሁ። ዘመዶቹ አጠገቤ ቆመው ይጨቃጨቃሉ። ቀጭን ነበር ይላል አንዱ፣ ወፍራም ነበር ትላለች ሌላዋ። እንዲህ ሲናቆሩ ሥራው ይቀናኛል። የሚያስፈራኝ ሁሉም በአንድ ቃል ሲናገሩ ነው፤ ቤታቸው ተስማምተው ስለሚመጡ የምሠራው ፊት የማንም አይሆንም።

የእናቴን ልጅ ስሠራ የሚጨቃጨቅ ሰው አልነበረም። ጉንጩን ከራሴ የልጅነት ፎቶ፣ አገጩን ከወንድሜ፣ ግንባሩን ከአባቴ መታወቂያ ወሰድኩ። ዓይኑን አተለቅሁት፣ ፀጉሩን አበዛሁት፣ ከንፈሩን ወደ ላይ ሳብ አደረግሁት። ሳይረፍድ አለቀ። ጋሼ ከጀርባዬ ቆሞ አየና፣ «ምነው እኔ ቤት ሳሙና የምታስተዋውቅ ልጅ አመጣሽ?» ብሎኝ ሄደ።

ምሳ ሰዓት ወንድሜን ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት አገኘሁት። የሳንድዊቹን ዳቦ ትቶ እንቁላሉን ብቻ ይበላል። የተከራየውን ክፍል ገለጸልኝ፤ መስኮቱ ወደ ጎረቤት ግድግዳ ይከፈታል፣ ቧንቧው ግቢ ውስጥ ነው፣ ለመጻሕፍቱ ቦታ የለውም።

«ዕጣ እንደሆነ ንገራት እንጂ» አልኩት።

«ነገርኳት። ‹ዕጣ ከሆነ ታዲያ ለምን አሸነፉ?› አለችኝ።»

ሁለታችንም ሳቅን። አባባሏ እውነት አለው። አንተስ ራስህ ምን ታምናለህ አልኩት። አፉን በሶፍት ጠርጎ፣ ተማሪ ፊት እንደቆመ ሰው ተስተካክሎ ተቀመጠ።

«የነበረ ሰው ነው። ታሪክ ያጠኑት፣ የማያምኑትም ጭምር፣ አብዛኞቹ እንደዚያ ነው የሚሉት። እዚያ ቆሜ የተናገርኩት ውሸት አይደለም፣ ግማሽ ነው። በሕይወት ሳለ የተጻፈለት አንድ መስመር አልደረሰንም አልኩ፤ ልክ ነው። ጳውሎስ የጻፈው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው፣ እሱም አብሮት የኖረ አይደለም አልኩ፤ ልክ ነው። ያው ጳውሎስ ‹የጌታን ወንድም አግኝቼዋለሁ› ማለቱን ግን ዘለልኩት። የሌለ ሰው ወንድም ከየት ይመጣል?» ሻዩን አማሰለ፤ ስኳሩ ቀድሞ ሟሙቷል። «ከሁሉ የፈራሁት ደግሞ አንድ ነገር ነበር። ተከራካሪዬ ያንን ቢያነሣብኝ አልቆልኝ ነበር።»

«ምኑን?»

«ኀፍረቱን። ሰው የሚወደውን ከልቡ ሲፈጥር አሳምሮ ነው የሚፈጥረው። እነሱ ግን ምን አሉ? ማንም የማያውቃት ትንሽ መንደር ያደገ ነው አሉ። በሌላ ሰው እጅ ተጠመቀ አሉ። ከወንበዴ ጋር ተሰቅሎ ሞተ አሉ። በዚያ ዘመን ከዚህ የባሰ ውርደት አልነበረም። ይህን ማን ለመሪው ፈጥሮ ያወራል? የሚያሳፍርህን ነገር ስትናገር ነው የምትታመነው። የሂሳብ መምህሩ ግን ተአምራቱን ሲዘረዝር ሰዓቱ አለቀበት።»

በዚህ መሀል ነው ስለ ፎቶው የነገርኩት። መጀመሪያ ስለ ማን እንደማወራ አልገባውም። ሲገባው ማንኪያውን አስቀመጠ።

«እሷን? ጥርግ አድርጋ የምትበላውን?»

«ፍቅር ምስክር አይሆንም ያልከውን ሰምታ ነው። ከመውጣትህ በፊት እንድታያት ትፈልጋለች።»

«እኔ እኮ ስለ እሷ አላሰብኩም።» ጆሮው ቀላ። «አይቼስ ምን ልበላት? ቆንጆ ናት ልበል? እንደ ድሮው አዎ አዎ ልበል? አልችልም፣ እትዬ። በዚህ ላይ ልዋሻት አልፈልግም።»

ደወሉ ተደወለ፤ ዳቦውን እንዳለ ትቶት ሄደ። ሒሳቡን ከፍዬ ስወጣ ተናድጄ ነበር፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላወቅሁም። ፎቶውን አይቶ ዝም ቢል ዝምታው ለእናቴ መልስ እንደሚሆናት፣ ከዚያ ወዲያ ያ በር ለእሱ እንደማይከፈት አውቄአለሁ።

ከሰዓት በኋላ የመጋረጃው ጫፍ ተገለጠና እናቴ ገባች። ፎቶ ቤቱ ውስጥ ስንት ዓመት ስሠራ አንድ ቀን መጥታ አታውቅም። የሥራ ልብሷን አልቀየረችም፤ ኮሌታዋ ላይ ስፒል ተሰክቷል፣ ቀሚሷ ላይ ሰማያዊ ክር አለ። ጋሼ ደንበኛ መስላው በርጩማውን ሲጠርግላት አልፋው ነበር የመጣችው፤ ስክሪኑ ፊት ቆመች። ረዥም ጊዜ አየች።

«ቆንጆ ናት» አለች። «የማን ልጅ ናት?»

መልሴን አልጠበቀችም፤ ወንበር ሳብ አድርጋ ደንበኞቼ የሚቆሙበት ቦታ ተቀመጠች። ከመጋረጃው ወዲያ ጋሼ አንዱን «አገጭህን ዝቅ፣ ዝቅ» ይላል።

«ጠዋት የነገርኩሽን ተይው» አለች። «ፀጉሯ ሳሳ ያለ ነበር። ከኋላ በኩልማ ጭራሽ አልነበራትም። ጆሮዎቿ ደግሞ እንዲህ» አለችና በሁለት እጇ የራሷን ጆሮ ወደ ፊት ገፋች። እጇን አወረደች። «ዓይኗ ሸውራራ ነበር።»

«የትኛው?»

«የግራው። ወደ አፍንጫዋ ይገባል። አንቺን እያየች ሌላ ቦታ የምታይ ይመስልሻል። ሐኪሙ ስታድግ ይስተካከላል ብሎኝ ነበር። ሰዉ ግን አፉን አይሰበስብም፤ አንዷ ከማን ወረሰችው ትላለች፣ ሌላዋ ባየችኝ ቁጥር ከንፈሯን ትመጥጣለች። እኔም ስወጣ ፊቷን በሻርፕ መሸፈን ለመድኩ። ያኔ የሚዞር ፎቶ አንሺ ነበር። ግቢያችን መጣ። የግቢው ሴት ሁሉ ልጁን አጥቦ፣ ቅባት ቀብቶ አሰለፈ። እኔ በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩ። ሲያንኳኩ ተኝታለች አልኩ። አልተኛችም ነበር፤ እንዳትጮኽ ዳቦ በስኳር ሰጥቻት እግሬ ላይ ተቀምጣ ነበር። ዓይኗ እስኪስተካከል ብዬ ነው። ሲስተካከል አስነሣታለሁ ብዬ ነው።» ኮሌታዋ ላይ ያለውን ስፒል ነቀለች፣ መልሳ እዚያው ሰካችው። «ከዚያ ኩፍኝ ገባ።»

ያን ጊዜ አመንኳት። ወንድሜ ምሳ ላይ ያለው ትዝ ብሎኝ አይደለም፤ እሱ ትዝ ያለኝ ቆይቶ ነው። ዳቦውን በስኳር አመንኩት፣ የተቀረቀረውን በር አመንኩት። ዕድሜ ልኬን ለሾርባ ማስፈራሪያ የተሠራች ትመስለኝ የነበረች ልጅ እህቴ ሆነች።

ያችን የሳሙና ልጅ አጠፋኋትና ከባዶ ጀመርኩ። ፀጉሩን አሳሳሁ፣ ጆሮውን ገፋሁ። ዓይኑ ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለ። እኔ የማውቀው ማቃናት ነው። ለጉርድ ፎቶ የመጣውን ሸውራራ ሁሉ ሳልጠየቅ አስተካክላለሁ፤ ደንበኛ ደስ ይለዋል፣ ጋሼም ያመሰግነኛል። አንድን ቀጥ ያለ ዓይን ማጣመም ግን አስተምሮኝ የሚያውቅ የለም። ብሌኑን ስገፋው ፊቱ ይሰበራል፣ ስመልሰው ልጅቷ ትሄዳለች። እናቴ ቀረብ አለችና ጣቷን ስክሪኑ ላይ አደረገች፤ መርፌ ያጠነከረው ጣቷ መስታወቱን ይቧጭረዋል።

«ወደ ውስጥ» አለች። «አይ፣ በዛ። መልሽው። ትንሽ ዝቅ… ትንሽ… በቃ።»

እጇን ከስክሪኑ ላይ አላነሣችም። ከተቀመጠችበት ወደ ፊት አጎንብሳ፣ እኔን ሳይሆን እሷን፣ «መጣሽ?» አለቻት።

ጋሼ የፎቶ ማንሻውን መብራት አጥፍቶ መጋረጃውን ዘጋልን። ፎቶውን አትሞ ፍሬም ሲያስገባላትም ክፈሉ አላለም።

ማምሻውን ቤት ስንደርስ ወንድሜ መጻሕፍቱን በሲባጎ አስሮ በር አጠገብ ደርድሯል። ፍራሹን ጠቅልሏል፤ ጫማዎቹን አንድ ፌስታል ውስጥ ከቷል። እናቴ እሱን እንዳላየች አልፋ ፍሬሙን ከከረጢቱ አወጣች፣ ሶፋው ላይ ወጥታ በሰዓቱ ሚስማር ሰቀለችው። ወርዳ ወደ ማድቤት ሄደች። ሳህን ሲንኳኳ ይሰማል።

ወንድሜ ፊቱን አዘጋጅቶ ነበር፤ አውቀዋለሁ፣ እንግዳ ሲመጣ የሚያደርገው ፊት ነው። ቀና ብሎ አየ። ከዚያ ቀረብ አለ። ዓይኑ መጀመሪያ ጆሮዎቿ ላይ ሄደ፣ ከዚያ የግራ ዓይኗ ላይ ቆመና አልተነሣም።

«ዓይኗ…» አለ።

«ሸውራራ ነበረች» አለች እናቴ ከማድቤቱ በር ላይ። በእጇ ጭልፋ ይዛለች። «አፍሬባት ነው የደበቅኋት። ለዚያ ነው ፎቶ የሌላት።»

ጠበቃው አልተከራከረም። ወደ እኔ ዞረ፤ አየሁት፤ ሁለታችንም የሻይ ቤቱን ወሬ እያሰብን እንደሆነ ገባን። ከዚያ ሶፋው ላይ ዘፍ አለ። የተደፋው ሰዓት ከሥሩ ቆረቆረው፤ አወጣውና ጭኑ ላይ አስቀመጠው። በፊቱ አልደፋውም።

እናቴ ሩዝና የአትክልት ሾርባ በሦስት ሳህን አቀረበች። ሳምንቱን ሙሉ ለእሱ አቅርባለት አታውቅም፣ ድስቱን ክዳኑ ላይ ማንኪያ አድርጋ ትተውለት ነበር። የታሰሩት መጻሕፍት በሩን ከፍተው ይዘውታል፤ ከመንገድ የመኪና ድምፅ ይገባል። ወንድሜ ሳህኑን ያያል እንጂ አይነካውም።

«ብላ እንጂ» አለችው።

«አልራበኝም፣ እማዬ።»

«ታላቅ እህትህ ብትሆን ኖሮ…» ብላ ጀመረች። የቀረውን በልባችን እናውቀዋለን፤ እኔም እሱም አጎንብሰን ጠበቅን። ግን አልመጣም። ቀና ስንል እናቴ ወደ ግድግዳው እያየች ነበር።

«እሷም አትበላም ነበር» አለች። «ስታስቸግር! ሾርባ ሳጎርሳት ፊቴ ላይ ትተፋብኝ ነበር፤ ደግሞ ቀን ከሌት ታለቅሳለች። ከሁለታችሁም የባሰች ናት።» ጭልፋውን በያዘችበት እጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች።

ወንድሜ ሳቀ፤ ሳቁ መሀል መንገድ ላይ ተበላሸበትና ፊቱን በእጅጌው ሸፈነ። ሲረጋጋ ማንኪያውን አነሣ። እናቴ ሁለት ጊዜ እስኪጎርስ ድረስ ጠበቀችው።

«ስትጨርስ በሩን ዝጋው፣ ብርድ ይገባል» አለችው። «ለሰዓቱም ሌላ ሚስማር ምታለት። ይሄኛው ተይዟል።»